ኢሜይል በሚኒባስ የሚልኩት ሰው

ጋሽ እንየው ማረፋቸውን የሰማሁት ቡሬ መናኸሪያ ነው። ከግሽ ዓባይ የመጣው ሚኒባስ መስኮት ሥር ቆሜ ፍላሽ ለመቀበል እጄን ስዘረጋ፣ ሾፌሩ ሞላ ፍላሹን ከመስጠቱ በፊት ባርኔጣውን አወለቀ። ሞላ ለትራፊክ ፖሊስ እንኳ ባርኔጣውን የማያወልቅ ሰው ነው።

«እታለም፣ ጋሽ እንየው አርፈዋል አሉ። ጥሊሊ ላይ የፍኖተ ሰላም ሾፌሮች ናቸው የነገሩኝ። ከእንግዲህ ይህን ነገር ለማን ላድርስ?» አለኝ።

ፍላሹን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ባጃጅ ያዝሁና ቢሮ ገባሁ። ቢሮ ውስጥ ማንም አልሰማም ነበር። ሥራ አስኪያጃችን ሲሰማ ከልቡ ደነገጠ፤ ወዲያውም የሐዘን መግለጫ በኢሜይል ለቅርንጫፎች ሁሉ እንዲበተን አዘዘ። ኔትወርክ ግን ከጠፋ ሰንብቶ ነበር። በፍላሽ ይላክ የሚል ሰው አልተገኘም፤ እንዲህ ያለውን ነገር የሚያስቡት ራሳቸው ጋሽ እንየው ነበሩና። መግለጫው ለቅርንጫፎች የደረሰው ሰው ሁሉ ቀብር ውሎ፣ አስተዛዝኖ፣ ወደ ሥራው ከተመለሰ በኋላ ነው።

እኔ በዚህ ዩኒየን የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ ነኝ። ዩኒየኑ የገበሬ ማኅበራት የተሰባሰቡበት ነው፤ እህል ይገዛል፣ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ያከፋፍላል፣ የቀረውን ጊዜ ስብሰባ ያካሂዳል። ጋሽ እንየው የመረጃ ቴክኖሎጂ ክፍል ኃላፊ ነበሩ። ኃላፊ ሲባል የሚመሩት ሰው ያለ ይመስላል፤ አልነበረም። መሥሪያ ቤታችን ምን እንደሚሠሩ ያልገባውን ሠራተኞች አንድ ክፍል ውስጥ የመሰብሰብ ልማድ ስላለው፣ እኔና እሳቸው ከዘር መጋዘኑ አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል የቢሮው ኢሜይል ሁሉ ከሚያልፍበት ኮምፒውተር፣ ከሰርቨሩ ጋር ተዳበልን።

የክፍሏ ቆርቆሮ ያፈስ ነበር። ቆርቆሮው ይቀየርልን ብለው ጠየቁ፤ ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው እስኪወስን ጋሽ እንየው ጥቁር ጃንጥላቸውን ዘርግተው ከሰርቨሩ በላይ በሽቦ አሰሩት። ኮሚቴው እስካሁን አልወሰነም፤ ጃንጥላውም እስካሁን አልወረደም። እሳቸው ራሳቸው በሐምሌ ዝናብ ፌስታል ደፍተው ነበር ወደ ፍኖተ ሰላም ቤታቸው ለመሳፈር መናኸሪያ የሚሄዱ።

ረጅም፣ ቀጭን፣ ኩሩ ሰው ነበሩ። ከረባት ሳያስሩ አይመጡም፤ ከረባቱ ግን ዋና ሥራው መነጽር መወልወል ነበር። አዲስ አበባ ተምረው፣ እዚያም ሠርተው፣ በራሳቸው ፈቃድ ወደ አገራቸው የተመለሱ መሆኑን ሰው እንዲያውቅላቸው ይፈልጋሉ። ካላወቀ ይነግሩታል። «አቶ እንየው» ብሎ የጠራቸውን ሰው ኮምፒውተር ለማየት አይቸኩሉም ነበር፤ «ጋሽ እንየው» ያላቸውን ደግሞ ቤቱ ድረስ ሄደው ቴሌቪዥኑን ያስተካክሉለታል። አንድ ነገር ተበላሸ ሲባሉ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ማን ነካው?» የሚል ነው። ጥያቄው ሥራ ላይ ብቻ አልቀረም። የአክስታቸው ልጅ ሠርግ ፈረሰ ተብሎ ሲነገራቸውም አጠገባቸው ነበርሁ፤ መነጽራቸውን አውልቀው ትንሽ አሰቡና «ማን ነካው?» አሉ።

ሥራ አስኪያጃችን የዘመነ ሰው ነው። አንድ ጊዜ ከሥልጠና ሲመለስ ዩኒየናችን «ከወረቀት ነፃ ቢሮ» መሆኑን አወጀ። አዋጁ በወረቀት ታትሞ በየበሩ ተለጠፈ። ከዚያ በኋላ የማዳበሪያ ጥያቄ ተቀባይነት የሚኖረው በኢሜይል ሲመጣ፣ ያውም የእኛ ሰርቨር የመዘገበው ቀን ሲኖረው ብቻ ሆነ። ኔትወርክ ደግሞ ይጠፋል። ለምን እንደሚጠፋ ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይናገርም። በመጀመሪያው ዓመት የግሽ ዓባይ ዙሪያ ማኅበራት ሊቀመንበሮች ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ይዘው ቡሬ ድረስ መጡ። ሥራ አስኪያጁ በአክብሮት አስቀመጣቸው፣ ለስላሳ አዘዘላቸው፣ ወረቀቱን ግን አልተቀበለም። የእነሱ ድርሻ ማዳበሪያ ኔትወርክ ወዳለበት ሄደ። ያን ክረምት በዚያ በኩል የተዘራውን በቆሎ ያየ ሰው አይረሳውም፤ ገና ከጉልበት ሳያልፍ ቢጫ ሆኖ ቀረ።

ጋሽ እንየው ያን ጊዜ ለብዙ ቀን ሰርቨሩ ላይ አፍጥጠው ያመሹ ነበር። ከዚያ አንድ ጠዋት ከረባታቸውን አላልተው ሲገቡ አንድ ነገር እንዳገኙ አወቅሁ። የኢሜይል ሰርቨራችን የሚሠራበት ሶፍትዌር ውስጥ አሮጌ ክፍል አለ አሉኝ። ድሮ ፈረንጆቹም ኔትወርክ እንዲህ ሳይሞላላቸው፣ ሰርቨሩ ደብዳቤዎችን ባንድ ጠቅልሎ ያስቀምጥና ጥቅሉን ሰው ተሸክሞ ይወስደዋል፤ የወዲያኛው ሰርቨር ጥቅሉን ፈትቶ ለየባለቤቱ ያድለዋል። ደብዳቤው በሽቦ መጣ በእግር መጣ፣ ሰርቨሩ ያው ኢሜይል ብሎ ይመዘግበዋል። ዛሬ ግን ሶፍትዌሩን አዘጋጅተው የሚያከፋፍሉት ሰዎች ይህን ክፍል ማን ይፈልገዋል ብለው ሳያስገቡት ነው የሚልኩት።

«ታዲያ ከሌለ ምን ይሠራልናል ጋሼ?» አልኋቸው።

«ሶፍትዌር ተሰፍቶ ያለቀ ልብስ ነው የሚመስልሽ። ልብስ ነው፣ ግን ጨርቁንም፣ ሶፍትዌሩ የተጻፈበትን ጽሑፍ፣ ይሰጡሻል። ጨርቁ ላይ ሰፊው የሚያነበው ትእዛዝ አለ፤ ይህ ኪስ ይግባ፣ ያ ኪስ ይቅር የሚል። እኔ ትእዛዙን አስተካክየ እንደገና አሰፋዋለሁ።»

ያች ማስተካከያ በሙያው ፓች ትባላለች። እሳቸው እራፊ ነው የሚሏት። መጀመሪያ ከአንድ መስመር አትበልጥም ነበር፤ «ይቅር» የሚለውን «ይግባ» የምትል። በዚያች መስመር ምክንያት በሚቀጥለው ዓመት የማዳበሪያ ጥያቄ ከግሽ ዓባይ በፍላሽ ተጠቅልሎ፣ በሞላ ሚኒባስ ከዶሮና ከድንች ጆንያ ጋር ተሳፍሮ፣ ቡሬ ሲደርስ ኢሜይል ሆነ። ሥራ አስኪያጁ በደስታ ተቀበለው። በሪፖርቱም ላይ «የገጠር ቅርንጫፎች ሙሉ በሙሉ በዲጂታል ሥርዓት ታቅፈዋል» ብሎ ጻፈ። ሞላ በሪፖርቱ ውስጥ አልተጠቀሰም።

ችግሩ ሶፍትዌሩ አንድ ቦታ የማይቆም መሆኑ ነው። አዲስ ቨርዥን፣ ማለት የታደሰ ዕትም፣ በመጣ ቁጥር ፈረንጆቹ አንድ ነገር ያዛውራሉ፣ አንድ ነገር ስሙን ይቀይራሉ፣ እራፊዋም ከተለጠፈችበት ትነሣለች። ጋሽ እንየው የለውጡን ዝርዝር ቆመው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ነበር የሚያነቡት፤ ስንክሳር የሚያነቡ ነው የሚመስለው። እያነበቡ ይቆጣሉ። «አዲስ ቨርዥንና አዲስ ኃላፊ አንድ ናቸው፤ ሲመጡ መጀመሪያ የሚያነሡት ምን እንደሚሠራ የማያውቁትን ነው» ይላሉ። ከዚያ ተቀምጠው፣ እራፊዋን አዲሱ ልብስ ላይ እንድትገጥም አድርገው ቆርጠው፣ እንደገና ይጥፏታል። እውነቱን ለመናገር ይህን ሥራ ሲሠሩ ማማረራቸው ለይስሙላ ነበር፤ ፊታቸው ይፈካ ነበር።

ከበላይ አካል ገምጋሚዎች የመጡ ጊዜ የሆነውን ሳልጽፍ ማለፍ አልችልም። በግምገማው ላይ ሁሉም ተራ በተራ ተነሥቶ የሠራውን አዲስ ነገር ይናገራል። የጋሽ እንየው ተራ ደረሰ።

«በዚህ ሩብ ዓመት ምን አዲስ ነገር አከናወኑ?» አለ ገምጋሚው።

«አዲስ ነገር እንዳይኖር አደረግሁ።»

«ይቅርታ፣ አልገባኝም። ለውጡ ምንድን ነው?»

«ለውጥ የለም። ደብዳቤው እንደ ዱሮው ይሄዳል፣ እንደ ዱሮው ይመጣል። ለውጥ ቢኖር ኑሮ ገበሬው ራሱ እዚህ መጥቶ ይነግርዎ ነበር።»

ገምጋሚው ሥራ አስኪያጁን አየው፤ ሥራ አስኪያጁ ጣሪያውን አየ። በዚያ ዓመት የላቀ አፈጻጸም ምስክር ወረቀት የተሰጠው፣ ወንበሮች የሚቀመጡበትን ቦታ ወለሉ ላይ በቢጫ ቀለም ላሰመረው የንብረት ክፍል ባልደረባችን ነው። ጋሽ እንየው «መካከለኛ» ተሰጣቸው። ቅር አላለኝም ብለው ማሉ፤ ግን ለወራት ያን ቢጫ መስመር እየረገጡ ያልፉ ነበር።

የግሽ ዓባይ ቅርንጫፍ ጸሐፊ የሺወርቅ ትባላለች። ፍላሹን ከሞላ የምትቀበለውም የምትሰጠውም እሷ ናት። እኛ አገር ሞልቶ የመጣ ዕቃ ባዶውን አይመለስም። ጎረቤት በሳሕን ቆሎ ቢልክ፣ ሳሕኑ ሲመለስ ሁለት ሎሚ ወይም ጥቂት ቃሪያ ይቀመጥበታል። የሺወርቅ በዚህ ያደገች ሴት ናት። ከቡሬ ፍላሹ ደብዳቤ ሞልቶ ይመጣላታል፤ በእሷ በኩል አንዳንድ ሳምንት የሚላክ ደብዳቤ አይኖርም። ታዲያ ባዶ ፍላሽ እንዴት ትመልስ? የበገና መዝሙር ትጨምርበታለች። ጠበል ሊጠመቁ የመጡ ዘመዶቿን ፎቶ ትጨምርበታለች። አንድ ጊዜ የእኅቷን ሠርግ ሙሉውን ላከችልን።

ሰርቨሩ ግን ከፍላሹ የወጣ ሁሉ ደብዳቤ ነው የሚመስለው። አንድ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ሳጥኑን ሲከፍት ከግሽ ዓባይ ቅርንጫፍ የተላከ የበገና መዝሙር አገኘ። ሰርቨሩ ቀን መዝግቦበታል፣ ቁጥር ሰጥቶታል። ሥራ አስኪያጁ አዳምጦት ይሁን ሳያዳምጠው አላውቅም፤ «ተጣርቶ የውሳኔ ሐሳብ ይቅረብበት» ብሎ ወደ እኔ መራው።

ጋሽ እንየው ነገሩን ሲሰሙ ሥቀው ሊሞቱ ነበር። ከዚያ ግን ተጨነቁ። በሞላ መልእክት ላኩ፤ «ፍላሿ ደክማለች፣ ብዙ መሸከም አልቻለችም በልልኝ» አሉት። ሞላ ቃል በቃል አደረሰ። በሚቀጥለው ጉዞ ከየሺወርቅ አንድ አዲስ፣ ትልቅ ፍላሽ መጣ። ገዝታ ነው። «ያችኛዋ ትረፍ፣ ይችኛዋ የፈለጉትን ያህል ትሸከማለች ብላለች» አለ ሞላ። አዲሷ ፍላሽ ውስጥ የሠርጉ ሁለተኛ ክፍል ነበረበት።

«ጋሼ፣ ለምን ‹መዝሙር አትላኪ› ብለው ደውለው አይነግሯትም?» አልኋቸው። ያን ሰሞን ስልክ ይሠራ ነበር።

«ምን ሁነሽ ነው አንች? እናቷ ያስተማረቻትን ደግ ነገር እኔ በስልክ ላስጥላት?»

ይልቅ እራፊዋን አሰፏት። ሰርቨሩ ከፍላሹ ውስጥ ደብዳቤ ያልሆነ ነገር ሲያገኝ ለብቻው በክብር እንዲያስቀምጠውና፣ በሚመለሰው ፍላሽ ላይ «ደርሶናል፣ እግዜር ይስጥልን» የሚል ቃል እንዲጽፍ አደረጉት። ይህን ለመሥራት ሳምንታት ፈጀባቸው። ሁለት ቃል ተናግሮ ሰው ከማስቀየም ሶፍትዌር መቀየር ይቀላቸው ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ሳይ ዱሮ እናደድ ነበር፤ እሳቸውን ካወቅሁ በኋላ ግን መናደዱ ቀረልኝ።

ይኸው ጠባያቸው ነው የኋላ ኋላ የጎዳቸው። ፈረንጆቹ፣ ማለቴ የሶፍትዌሩ ዋና ባለቤቶች፣ በሚቀጥለው ቨርዥን ያን አሮጌ ክፍል ጭራሹን ከሥሩ እንደሚነቅሉት አስታወቁ። እስከዚያ ክፍሉ ሳይሰፋ ይቅር እንጂ ጨርቁ ነበረ፤ አሁን ጨርቁም ሊጣል ነው። ተቃውሞ ያለው ይጻፍልን አሉ። ጋሽ እንየው በአማርኛ እየነገሩኝ እኔ ወደ እንግሊዝኛ እየመለስሁ መጻፍ ጀመርን። የመጀመሪያው ገጽ ሰላምታ ነው። ክረምቱ እንዴት ይዟችኋል? ቤተ ሰብ ደህና ነው? አዝመራው እንዴት ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። በሁለተኛው ገጽ ሥራቸውን አመሰገኑ። በመጨረሻ ወደ ጉዳዩ የሚቀርብ አንድ ዓረፍተ ነገር መጣ፤ «አርጅቷል የሚባለው ቤት ጣሪያ ላይ ዛሬም ጢስ ይታያል።»

«ጋሼ፣ ይህ እኮ አይገባቸውም። ‹ክፍሉን አታውጡብን፣ የምንኖርበት አለን› ብለን እንጻፍ።»

«እንደ ለማኝ? ዐዋቂ ሰው ጢስ ካልሁት ሰው እንዳለበት ይገባዋል። ፊት ለፊት ስጠኝ ብየ አላሳፍረውም።»

ተላከ። የሶፍትዌሩ አለቃ የሆነው ፈረንጅ ጨዋ ሰው ነበር፤ በማግስቱ መለሰ። ለመልካም ምኞቱ አመሰገነ። የእሱም ቤተ ሰብ ደህና መሆኑን ጻፈ። በመጨረሻም ጣሪያው ላይ ጢስ ከታየ ቶሎ የእሳት አደጋ ሠራተኞችን እንዲጠሩ መከራቸው። ተቃውሞ ስላልቀረበ ክፍሉ ከአዲሱ ቨርዥን ተነቅሎ ወጣ።

እኔ ደብዳቤውን ሳነብ መሣቄን አልደብቅም። እሳቸው አልሣቁም። ከዚያን ቀን ጀምሮ እራፊዋ መስመር መሆኗ ቀረ፤ ፈረንጆቹ የጣሉትን ክፍል በሙሉ እሳቸው መሸከም ነበረባቸው። በየቨርዥኑ የሚጥፉት ኪስ ሳይሆን የልብሱ ግማሽ ሆነ። እሳቸውም ያን ጊዜ ስኳር ነበረባቸው፤ እግራቸው ያብጥ ጀመር። ጫማቸውን አውልቀው፣ ከረባታቸውን አስረው፣ ጃንጥላው ሥር ተቀምጠው ሲሠሩ አያለሁ።

አንድ ቀን ከሥራ ልንወጣ ስንል «እታለም፣ ነይ ቁጭ በይ» አሉኝ። ቁጭ አልሁ። «እኔ ስሞት ይህን የሚሸከም የለም። አንች ትሞክሪያለሽ፣ ግን አትችይውም፣ አትቀየሚኝ። ቢሮው ሌላ ሰው ቢቀጥር ያ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ይህን መጣል ነው። ከተጣለ የግሽ ዓባይ ገበሬ ማዳበሪያ እንደዚያ ዓመት ይቀራል። ፈረንጆቹ መልሰው ቢወስዱልኝ ነው የምፈልግ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

በዚያ ሳምንት ኩራታቸውን ዋጥ አድርገው፣ ያለ ሰላምታ፣ ያለ ጢስ፣ በግልጽ ጻፉ። አለቃው ፈረንጅ በግልጽ መለሰ። ካንተ ሌላ ይህን የሚጠቀምበት ሰው አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። ጋሽ እንየው እራፊያቸውን ኢንተርኔት ላይ ማንም ሊያወርደው በሚችልበት ቦታ ከለጠፉት ዓመታት አልፈዋል፤ በየቨርዥኑም ሳያዘገዩ ያድሱታል። ግን በዚያ ሁሉ ዘመን አንድ ሰው እንኳ ወሰድሁ ብሎ አልጻፈላቸውም። «አለ» ብለው ይጻፉ አልኋቸው፤ ማን ያየናል? መዋሸት እምቢ አሉ። «የማውቀው የለም» ብለው መለሱ። ፈረንጁ አዘነ፣ አዝኖም «ለአንድ ሰው ብለን ልንሸከመው አንችልም» አለ።

ጋሽ እንየው ያችን ቃል ስክሪኑ ላይ ደጋግመው አነበቧት። «የአንድ አገር ገበሬ አንድ ሰው ሁኖ ተቆጠረ» አሉና ኮምፒውተሩን አጠፉት። ከዚያ በኋላ ቢሮ የመጡት ጥቂት ጊዜ ነው። ኩላሊታቸው ታመመ ተባለ፤ ፍኖተ ሰላም ቤታቸው ተኝተው በስልክ እየነገሩኝ እኔ እጽፍ ነበር። ይሰማቸው የነበረው ሕመም ሳይሆን እኔ የምሠራው ስሕተት ይመስለኛል፤ በስልክ ውስጥ ያቃስቱ ነበር።

ከዚያም ሞላ ባርኔጣውን አወለቀ።

ከቀብሩ ብዙም ሳይቆይ አዲስ ቨርዥን መጣ። ይህኛው ሳይጫን የማይታለፍ ነበር፤ አሮጌው ለሌባ በር የሚከፍት ቀዳዳ ተገኝቶበታል ተባለ። እራፊው አልገጥም አለኝ። የማዳበሪያ ጥያቄ ጊዜ እየደረሰ ነው፣ ኔትወርክ አንድ ቀን መጥቶ አንድ ሳምንት ይጠፋል፣ እኔ ደግሞ ሙያዬ ዜና መጻፍ ነው። ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገባሁ። ጉዳዩን በትኩረት ካዳመጠ በኋላ ኮሚቴ አቋቋመ። ሰብሳቢው ቢጫ መስመር ያሰመረው ባልደረባችን ሆነ።

ኔትወርክ ብቅ ባለ ጊዜ ተቀምጬ ሶፍትዌሩን ለሚከታተሉ ሰዎች ሁሉ በሚደርሰው የጋራ አድራሻ ጻፍሁ። ተናድጄ ስለነበር አላሳመርሁትም። እንየው የሚባል ሰው ነበር። እናንተ የጣላችሁትን ክፍል ለብቻው ተሸክሞት ኖረ። ሞተ። እኔ አልቻልሁም። ክፍሉ ካልተመለሰ ዘንድሮ ከተራራው ወዲያ ያለ ገበሬ ማዳበሪያ አያገኝም። ይኸው ነው። ላክሁት፤ በማግስቱ ኔትወርኩ ጠፋ።

ሲመለስ ሳጥኑ ሞልቶ ነበር። ቀዝቃዛ ባሕር ላይ ዓሣ የሚያጠምዱ መርከበኞች ጽፈዋል፤ ወደብ በደረሱ ቁጥር ደብዳቤያቸውን በእንየው እራፊ ነው የሚያወጡት። መኪና የማይደርስበት ተራራ ላይ ያለ ክሊኒክ ሐኪም ጽፋለች፤ የበሽተኞቿ የምርመራ ውጤት በበቅሎ ነው የሚመጣላት። ደሴት ላይ የሚያስተምር መምህር ጽፏል። ሌሎችም ነበሩ። ሁሉም ደንግጠዋል። ሐኪሟ እንዲህ ብላለች፤ «ክፍሉ ከዋናው ሶፍትዌር መውጣቱን እንኳ አላወቅንም። የእሱ እራፊ ሁልጊዜ ሳይዘገይ ስለሚመጣና ስለሚሠራ የምንጽፍለት ነገር አልነበረንም።»

የአለቃው ፈረንጅ ደብዳቤ መጨረሻ ላይ ነበር። አጭር ነው። አንድ ሰው ብቻ መስሎኝ ነበር፣ ተሳስቻለሁ ይላል። ክፍሉ ይመለሳል፣ እራፊውን እንዳለ እኛው እንወስደዋለን፣ ከእንግዲህ ማንም ለብቻው አይሸከመውም። የጋሽ እንየውንም ስም ከሶፍትዌሩ ሠሪዎች ስም ጋር አስገብተውታል። ቢሮ ውስጥ ሰው እያየኝ አለቀስሁ፤ የንብረት ክፍሉ ባልደረባችን ውኃ አመጣልኝ።

የዚያ ዓመት የማዳበሪያ ጥያቄ ከግሽ ዓባይ በሞላ ሚኒባስ በጊዜው ደረሰ። የሺወርቅ የሐዘን እንጉርጉሮ ጨምራበት ነበር፤ ሰርቨሩ ለብቻው አስቀመጠው። ሥራ አስኪያጁም ኮሚቴውን ሰብስቦ ጉዳዩ በውጭ አካል መፈታቱን ካረጋገጠ በኋላ፣ የጋሽ እንየው የሥራ መደብ እንዲታጠፍ ወሰነ። ምክንያቱ «የሚሠራ ሥራ ባለመኖሩ» ይላል። በዚህ መሥሪያ ቤት ሥራው ስላለቀ የታጠፈ መደብ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው፤ ሌሎቻችን ያለ ሥራም መደባችን አለ።

ደብዳቤዎቹን ይዤ ፍኖተ ሰላም ወደ ባለቤታቸው ወደ እትዬ ማሬ ሄድሁ። ቢሯችን ከወረቀት ነፃ ስለሆነ መናኸሪያው አጠገብ ካለ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው ያሳተምኋቸው። እትዬ ማሬ እንግሊዝኛ ስለማያነቡ አንድ በአንድ ተረጎምሁላቸው። የዓሣ አጥማጆቹን፣ የሐኪሟን፣ የመምህሩን ሁሉ እጃቸውን አገጫቸው ላይ አድርገው ሰሙ።

«እነዚህ ሁሉ ሰዎች እሱ በሕይወት ሳለ ወደት ነበሩ?» አሉኝ ስጨርስ።

«ይጠቀሙበት ነበር እትዬ። አንድም ቀን ስላልተበላሸባቸው አልጻፉም።»

ወረቀቶቹን ከእጄ ተቀብለው ጉልበታቸው ላይ አስተካከሏቸው።

«ጠዋት ጠዋት ከአልጋው ሳይነሣ ስልኩን ከፍቶ ያይ ነበር። ምን ትፈልጋለህ ስለው፣ ተበላሸብኝ የሚል ሰው መጥቶ እንደሁ ብየ ነው ይለኛል። የለም፣ ይልና ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል።» ወረቀቶቹን ሁለት አድርገው አጠፏቸው። «አንድ ቀን እንኳ ተበላሸብን ብለው ቢዋሹት ምን ነበረበት?»